ኮሮላ ከቆመበት ሲነሳ ለሚያንገራግርበት ወንድም፦ የቤንዚን ፖምፓ ከመግዛትህ በፊት ይቺን የአየር ቱቦ እያት

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የ2003 ኮሮላ፣ ማንዋል፣ ፈረንጅ አራዳ ጋር ቆመህ ስትነሳ ነዳጅ ስትረግጥ ሊጠፋ ይልና ሁለት ሶስት ሰከንድ ያንገራግራል፣ ከዛ ምንም እንዳልነበረ ይሄዳል፣ መካኒኩ ደግሞ የቤንዚን ፖምፓ ነው ቀይረው ብሎሃል። እኔም እዚሁ ጅማ ነኝ፣ የኔም ያው ኮሮላ ነው፣ አምና ይሄው ነገር አራት ወር አሰቃይቶኛል ስለዚ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ፖምፓ ላይሆን ይችላል የምልህ በምክንያት ነው። ፖምፓ ሲደክም መኪናው በብዛት የሚያስቸግረው ብዙ ቤንዚን በሚፈልግበት ሰዓት ነው፣ ዳገት ላይ ተጭኖ ወይ በፍጥነት ሲሄድ። ያንተ ግን ከተነሳ በኋላ ወደ ሰርቦ በ80 ስትነዳው ምንም አይልም ብለሃል። እንደዛ ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው በስንጥቅ የሚገባ አየር ነው።

የኔን ልንገርህ። የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው፣ የቡና ለቀማ ስለነበር በየሳምንቱ ወደ ጌራ እመላለስ ነበር፣ መንገዱን ታውቀዋለህ፣ አቧራውም ጉድጓዱም አይጣል ነው። መጀመሪያ አራቱንም ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን) ቀየርኩ፣ ለሁለት ቀን የተሻለው መሰለኝና ተመለሰ። ቀጥሎ ኮይል (ለካንዴላው ኮረንቲ የሚሰጠው) ነው ተባልኩ አንድ ቀየርኩ፣ ከዛ ፖምፓ ተባለ፣ ታንከሩ ወርዶ እሱም ተቀየረ (በነገራችን ላይ በዚህ ኮሮላ የቤንዚን ፊልትሮውም እዛው ታንከር ውስጥ ከፖምፓው ጋር ነው ያለው፣ ውጪ ላይ አትፈልገው)። ከ10 ሺ ብር በላይ ወጣ፣ መኪናው ግን ያው ነው። ጅረን ዳገት ላይ ቆሜ ስነሳ ወደ ኋላ እንዳልንሸራተት እጅ ፍሬን ይዤ ነበር የምነሳው፣ ልጆቼን ጭኜ ማለት ነው፣ በጣም ያስፈራ ነበር።

መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት መካኒክ ምንም ሳይፈታ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ማሽን ሰካና ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም የሚለውን ቁጥር (ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በመቶ ስንት እንደጨመረ ወይ እንደቀነሰ የሚያሳይ) አሳየኝ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሰራ) ፕላስ 22 ነው የሚለው፣ ዙሩን 2500 ላይ አድርጎ ሲይዘው ወደ 6 ወረደ። ጤነኛ ሞተር ላይ ይሄ ቁጥር ዜሮ አካባቢ ነው መሆን ያለበት፣ ከ10 ካለፈ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ፕላስ ማለት ኮምፒውተሩ ቤንዚን አነሰኝ ብሎ እየጨመረ ነው ማለት ነው፣ በሚኒሞ በዝቶ ዙር ሲጨምር ከቀነሰ ደግሞ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር (ኤር ፍሎው) ያልቆጠረው አየር የሆነ ቦታ እየገባ ነው፣ ዙሩ ሲበዛ ሞተሩ ብዙ አየር ስለሚስብ ያቺ ቀዳዳ ድርሻዋ ያንሳል። በተቃራኒው ዙርና ጭነት ሲጨምር ቁጥሩም የሚጨምር ከሆነ ያኔ ፖምፓ ወይ ቆሻሻ ኤር ፍሎው ሴንሰር ማለት ትችላለህ። የኔ ላይ ፒ 0171 የሚል ኮድም (ከአየሩ አንጻር ቤንዚን አንሷል ማለት ነው) ነበረው፣ የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ስንት ጊዜ አስጠፍቼዋለሁ፣ ኮዱን ሳያነቡ ማስጠፋት ትልቅ ስህተት ነው።

ከዛ ከአየር ፊልትሮው ቤት ወደ ሞተሩ የምትሄደውን ወፍራም ጥቁር የአየር ቱቦ፣ ጎማዋን፣ በእጁ አጠፍ አደረጋት፣ በታችኛው በኩል እጥፋቷ ውስጥ የጣት እርዝመት ያክል ተሰንጥቃለች። ከላይ ስታያት ምንም የላትም። ቆሞ ሲሰራ ስንጥቁ በትንሹ ነው የሚከፈተው፣ ከቆመበት ስትነሳ ግን ሞተሩ ጠመም ስለሚል ጎማዋን ይስባትና በጣም ይከፈታል፣ ለዛ ነው ሲነሳ ብቻ የሚያንገራግረው። የተሰነጠቀችውም ሞተሩን የያዘው ጎሚኒ (የላስቲክ መደገፊያው) አልቆ ሞተሩ ከልክ በላይ ስለሚወዛወዝ ነው፣ ጎሚኒውን ሳትቀይር ጎማዋን ብቻ ብትቀይር ተመልሳ ትሰነጠቃለች። ለጊዜው በፕላስተር ጠቅልለን ሁለቱንም ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጣሁ፣ ከተገጠመ በኋላ ቁጥሩ 3 ሆነ፣ ይኸው እስካሁን ሰላም ነው።

አንተም ከዚህ ጀምር፣ ነጻ ነው። ሞተሩን አጥፍተህ ጎማዋን ጠምዝዘህ እያት፣ ሌሎቹን ቀጫጭን ቱቦዎችም ጭምር። ፊልትሮውን አውጣ፣ አቧራ ከያዘ በኮምፕሬሰር ስታስነፋው ከውስጥ ወደ ውጪ ይሁን፣ ከተቀደደ ቀይረው። ኤር ፍሎው ሴንሰሩን ለሴንሰር በተሰራ ስፕሬይ ብቻ ነው የሚታጠበው፣ በጨርቅም በጥጥም እንዳትነካው ሽቦው በጣም ስስ ነው።

ማንዋል ስለሆነ ፍሪሲዮኑንም ሞክር፣ በአራተኛ ማርሽ በ40 እየሄድክ ነዳጁን ጥብቅ አድርገህ ርገጠው፣ ዙሩ ብቻውን ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮን እያንሸራተተ ነው። ትንሽ ነድተህ ስትቆም አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ደግሞ ፍሬን ይዟል፣ እዚህ ክረምት ጭቃ ስለሚበዛ ያጋጥማል።

ከፍታ ነው የሚሉህ ካሉ፣ እውነት ነው ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ነች፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል፣ ግን ከፍታው ትናንት አልመጣም፣ መኪናህ ባለፈው አመት እዚሁ ደህና ይነሳ ነበር አይደል? ይልቅ የቤንዚን ሰልፍ በበዛ ጊዜ መንገድ ላይ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ቀድተህ ከሆነ ንገረኝ፣ ኬሮሲን የተቀላቀለበት ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው፣ መጀመሪያ ታንከሩ ባዶ ይደረግ።

ማሽን ያለው መካኒክ ጋር ሂድና በሚኒሞና በ2500 ያለውን ቁጥር ሁለቱንም ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው፣ እስከዛ ፖምፓውን አትግዛ።