«ፊታቸው ጠቁሯል» ያለሽን ሰው አመስግኚው

ከአራት ኪሎ ለጻፍሽልኝ እህቴ፦

ለሌሎች አንባቢዎች ጥያቄሽን ላሳጥረው። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ሥራ ይዘሻል፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ቤተሰቦችን ውጪ አውጥተሽ ፎቶ ታነሻለሽ። 20 ፎቶ መርጠሽ ለምታውቂያቸው ሁሉ ላክሽ። ሁሉም «አሪፍ ነው»፣ «እጅሽ ይባረክ» አሉሽ። አንድ ፎቶ አንሺ ብቻ «ፊታቸው ጠቁሯል፣ ኋላ ያሉት ደግሞ ብለር ናቸው» አለሽ። ሳምንቱን ሙሉ ስትቆዝሚ ከረምሽ። አሁን ተበድረሽ ውድ ሌንስ ልትገዢ፣ ሥራሽንም ልትለቂ እያሰብሽ ነው።

ሌንሱን አትግዢ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

እኔም ሰው መምከር ከመጀመሬ በፊት አራት ዓመት ፎቶ ቤት ሠርቻለሁና ፎቶዎችሽን በዚያ ዓይን አየኋቸው። ሰውየው ልክ ነው። ያው ምክንያቱን አልነገረሽም፣ አንቺም ተናደሽ አልጠየቅሽውም። ሁሉም ነጭ የሀበሻ ልብስ ለብሰዋል አይደል? ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ራሱ ያጨልማል፣ ያኔ ልብሱ ግራጫ፣ ፊቱ ደግሞ ከሰል ይሆናል። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ፎቶው የሚያገኘውን የብርሃን መጠን፣ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው መፍትሔው። ፀሐይ ላይ ከሆናችሁ ግን ከፍ ስታደርጊው ቀሚሱ ባዶ ነጭ ይሆንና ጥለቱ ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሰዎቹን ከዛፍ ወይም ከሕንፃ ጥላ አስገቢያቸው፣ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙሪ፣ ከዚያ ከፍ አድርጊ። ሬፍሌክተር፣ ብርሃን ወደ ፊት የሚመልሰው ነጭ ሰሌዳ፣ የለኝም ብለሻል። የአባትየውን ነጭ ጋቢ አክስትየዋ ከፍሬም ውጪ ዝቅ አድርጋ ትዘርጋልሽ፤ እኔ ብዙ ቀን ሠርቼበታለሁ፣ ደግሞ ሁሉም ይስቃል፣ እሱም ለፎቶው ጥሩ ነው።

ብለሩ የመጣው ደግሞ ኤፍ 1.8 ላይ ስላነሳሽ ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፍቶ ይከፈታል፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ርቀት ግን ይጠባል። ዘጠኝ ሰው በሦስት ረድፍ አቁመሽ፣ አያት ጥርት ብለው ልጆቹ ከኋላ የሟሙት ለዚህ ነው። ለቤተሰብ ኤፍ 5.6 ወይም 8፣ ልጆች ስለሚንቀሳቀሱ ሻተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/250 ሰከንድ አካባቢ። ልትገዢው ያሰብሽው ሌንስ ውድ የሆነው በአብዛኛው ኤፍ 1.4 ስለሚከፍት ነው፤ አንቺ ደግሞ በዚህ ሥራ ያንን አትጠቀሚበትም! መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ብታስቀምጫቸው ደግሞ ማንም ማንን ሳይጋርድ ፊቶቹ ይደረደራሉ። ጥበቃዎችን ግን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ በወዳጅነት ፓርክም እንደዚያው፤ ደንበኛ ፊት «ካሜራ አይቻልም» ከመባል የሚብስ የለም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትርቅ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ናት፣ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ የምትገባው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከገባች ደግሞ ቶሎ ይጨልማል። ስለዚህ «10 ሰዓት ተኩል» ብለሽ ቅጠሪያቸው። ቤተሰብ 11 ሰዓት ላይ ተሟልቶ ይመጣል፣ እመኚኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይሉኝታ ባለበት አገር «እንዴት ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽ «ቆንጆ ነው» ትባያለሽ። ጥያቄው ራሱ መልሱን ይዞ ይመጣል። አንድ ዓይነት ሦስት ፎቶ አሳዪና «አንዱን አጥፊ ብትባዪ የቱን ታጠፊያለሽ?» በይ። ያኔ ማንም አንቺን ስላልነቀፈ ይናገራል። ለፎቶ አንሺ ስትልኪ ደግሞ ኤዲት ያልተደረገውን ላኪ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ «የፊቱ ብርሃን ከየት ቢመጣ ይሻል ነበር?» እንዲህ ከጠየቅሽው ያ ሰውዬም አሥር ደቂቃ ያስረዳሽ ነበር።

ቤተሰቡን ግን ምንም አትጠይቂ። ፎቶዎቹን ስጫቸውና እጃቸውን እዪ። የትኛው ላይ ነው አጉልተው የሚያዩት? ማን ፊት ላይ ነው የሚቆሙት? ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። አንድ ጊዜ 14 ሰው አነሳሁ፣ አንድም ዓይን አልተጨፈነም፣ ሁሉም ጥርት ብሏል፣ ኮራሁ። ትልቋ ልጅ ፎቶውን ይዛ ቆየችና «እማዬ አትታይም» አለች፣ በቀስታ። እውነትም አሮጊቷ ፊታቸው በነጠላቸው ጥላ ውስጥ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው ለእሳቸው ነው። ቀሪውን ሒሳብ ከፍላ ሄደች፣ ተመልሳም አልመጣችም። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጠይቀው «ዛሬ የመጣችሁት ለማን ነው?» ብዬ ነው፤ ብርሃኑን ለዚያ ሰው አስተካክዬ ሌላውን በዙሪያው አቆማለሁ።

የሚሉሽን ሁሉ ደግሞ አትቀበዪ። «ወፍሬ ወጣሁ» ያለች እናት ጉዳይ በአቋቋም ይስተካከላል፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ማለት ነው። «ባክግራውንዱን ፓሪስ አድርጊልኝ» ያለውን ግን ሳቂና እለፊ።

ሥራሽን አትልቀቂ፣ ገና ነው። እስከ ፋሲካ ድረስ ስድስት ቤተሰብ አንሺ፤ ሁለቱን ለዘመድ በነፃ፣ አራቱን ቀብድ ተቀብለሽ። በየአንዱ አንድ ስህተት ብቻ ለማረም ሞክሪ፣ ማስታወሻ ላይም ጻፊው። ከአራቱ ከፋዮች ስንቱ ሌላ ሰው ይዞልሽ እንደመጣ ቁጠሪ፤ አካውንታንት አይደለሽ? ቁጥሩን ይዘሽ ጻፊልኝ፣ ስለ መልቀቁ ያኔ እናወራለን።