ከመልሱ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ

ይድረስ ለጠቅላላ እውቀት ወዳጆች፣ በተለይም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፤

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በቤተ መጻሕፍት ነው። ጡረታ ከወጣሁም ወዲህ ትምህርት ቤቶች ለጥያቄና መልስ ውድድር ጥያቄ አውጣልን ሲሉኝ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። ቅልጥፍናችሁ ያስደንቀኛል። ጠያቂው «የዓለማችን ትልቁ ደሴት...» ብሎ ሳይጨርስ «ግሪንላንድ!» ትላላችሁ። «በባዶ እግሩ...» ሲል «አበበ ቢቂላ!» ትላላችሁ። የሚያሳስበኝ ከጭብጨባው በኋላ ያለው ነው። ነጥቡ ይመዘገባል፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል፣ መልሱም እዚያው ይረሳል። እኔ የምለምናችሁ አንድ መልስ በያዛችሁ ቁጥር «ለምን?» ወይም «ማን አለ?» የሚል አንድ ጥያቄ እንድትጨምሩበት ነው። (ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በየውድድሩ ከማይጠፉት ጥያቄዎች አንዱን እንውሰድ። የጣና ሐይቅ ስንት ደሴቶች አሉት? 37 ትላላችሁ፣ ነጥብም ታገኛላችሁ። ግን ማን ቆጠራቸው? 37 የሚለው ቁጥር የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተደረገ የጂኦግራፊ ባለሙያ ቆጠራ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊ ሚስዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ የጻፈው 21 ብሎ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ደግሞ የአካባቢው ሰዎች ሰው የሚኖርባቸው 45 ደሴቶች አሉ እንዳሉት፣ እሱ ግን ከ11 አይበልጡም ብሎ እንደሚያምን መዝግቧል። ታዲያ ማናቸው ተሳሳቱ? ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይፈረድም። የሐይቁ ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ውሃው ሲጎድል ደሴት የነበረው ከየብስ ይገናኛል። አንዱ ሰው ያለበትን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው ድንጋዩንም ይጨምራል። 37 ብላችሁ መመለሳችሁ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ግን ቆጣሪ እንዳለው እወቁ።

ሌላም «ለምን» ጨምሩ። እነዚያ ደሴቶች ለምን ገዳም በገዳም ሆኑ? ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ በደቅ ደሴት ላይ ያለው ናርጋ ሥላሴ ለጸሎት ጸጥታ ብቻ አልነበረም የሚጠቅሙት። በጦርነት ዘመን ንዋየ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት ከየብስ ተነሥተው በታንኳ ወደ ደሴት ይሻገሩ ነበር። ውሃው አጥር ሆነላቸው። ለዚህ ነው ብዙ ጥንታዊ ብራና እስከ ዛሬ ጣና ላይ የሚገኘው። ስለ ደሴት የተጠየቀው ጥያቄ ወደ ቤተ መጻሕፍት ወሰደን ማለት ነው፤ እኔ የማውቀው ሙያ ውስጥ ገባን።

አጥር ያላገኙት መጻሕፍት ምን እንደገጠማቸውም ታውቃላችሁ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቡት የብራና ክምችት መቅደላ ላይ ነበር። በ1868 የእንግሊዝ ጦር አምባውን ከያዘ በኋላ ዘረፋው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ። ከብራናዎቹ 350 ያህሉ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጽፈው በመጠየቃቸው አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ በ1872 ተመልሷል። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ ዕድሜዬን በሙሉ መጽሐፍ ሳስቀምጥና ሳወጣ የኖርኩ ሰው ነኝና።

አሁን ደግሞ ከሁሉም አብልጬ የምወደውን ታሪክ ልንገራችሁ። ታዋቂ ሰው፣ ደሴትና ተክል ሦስቱም አንድ ላይ የተገናኙበት ነው። «ቫኒላን በብዛት የምታመርተው አገር ማን ናት?» ሲባል «ማዳጋስካር» ይባላል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ቫኒላ የማዳጋስካር ተክል አይደለም። ትውልዱ ሜክሲኮና አካባቢዋ የሆነ፣ ዛፍ ላይ የሚጠመጠም ሐረግ ነው። ፈረንሳዮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች፣ ዛሬ ሬዩንዮን ወደምትባለው ደሴት ጭምር አምጥተው ተከሉት። ሐረጉ ለመለመ፣ አበባውም ፈነዳ፤ ፍሬ ግን እምቢ አለ። በትውልድ አገሩ አበባውን የሚያዳቅሉት ንቦች እዚህ የሉም። አበባው ራሱን በራሱ እንዳያዳቅል ደግሞ ወንዴውንና ሴቴውን የምትለይ ስስ ሽፋን በመካከል አለች። የአበባው ዕድሜም ከአንድ ቀን አያልፍም፤ ጠዋት ይከፈታል፣ በዚያው ቀን ይጠወልጋል።

ባለሙያዎች መላ አጥተው ሳለ በ1841 ኤድሞን የሚባል የ12 ዓመት ልጅ መፍትሔውን አገኘ። ኤድሞን ባሪያ ነበር፤ እናቱ ስትወልደው ሞታለች፣ የቤተሰብ ስም እንኳ አልነበረውም። ጌታው አትክልት ወዳድ ስለነበር ልጁ አብሮት እየዞረ የሌላ ተክል አበባ በእጅ እንዴት እንደሚዳቀል አይቷል። አንድ ቀን በቀጭን ስንጥር ያቺን ስስ ሽፋን ቀና አደረጋት፣ በአውራ ጣቱም የወንዴውን ዱቄት ወደ ሴቴው ገፋ አድርጎ ጫነው። በቃ፤ አበባው አፈራ። ከዚያ በኋላ ልጁ ከእርሻ እርሻ እየተወሰደ ሌሎችን አስተማረ። ደሴቲቱም ቫኒላ ላኪ ሆነች፤ ዘዴው ወደ ማዳጋስካርም ተሻገረ። የተማረ የዕፅዋት ሊቅ ተነሥቶ «ዘዴው የእኔ ነው» ሲል ጌታው ለልጁ መሰከረለት። ባርነት በ1848 ሲሻር ነፃ ወጥቶ ኤድሞን አልቢዩስ ተባለ፤ በ1880 ግን በድህነት ሞተ። ዛሬም ማዳጋስካር ውስጥ የቫኒላ አበባ በዚያው ልጅ ዘዴ፣ አንድ በአንድ፣ በእጅ ነው የሚዳቀለው። ቫኒላ ለምን ውድ እንደሆነ አሁን ገባችሁ? «ማዳጋስካር» የሚለው መልስ ብቻውን ይህን ሁሉ አይነግራችሁም።

ከሬዩንዮን ጎረቤት ሞሪሸስ አለች፤ የዶዶ አገር። ዶዶ ከርግብ ወገን የሆነ፣ መብረር የተወ ትልቅ ወፍ ነበር። የሚያድነው አውሬ በሌለበት ደሴት መብረር ምን ያደርግለታል? ሆላንዳውያን መርከበኞች በ1598 ደረሱ፤ መቶ ዓመት ሳይሞላ ዶዶ ጠፋ። መርከቦቹ ያመጧቸው አይጦች፣ አሳሞችና ዝንጀሮዎች መሬት ላይ የሚጥለውን እንቁላል ፈጁበት። «ዶዶ የጠፋው የት ነው?» ለሚለው መልሱን የምታውቁ ብዙ ናችሁ። እንዴት እንደጠፋ ካወቃችሁ ግን ዐይናችሁን ወደ ባሌ መልሱና ቀይ ቀበሮን ተመልከቱ። የሳነቴ አምባ በባሕር አልተከበበም፤ በዙሪያው ያለው ሞቃት ቆላ ግን ለቀይ ቀበሮ እንደ ባሕር ነው። ከዚያ ከፍታ ወርዶ ሊኖር አይችልም፤ ምግቡ የደጋው ፍልፈልና አይጥ ነው። የቀረው በአጠቃላይ 500 ያህል ብቻ ነው፣ እሱም በተነጣጠሉ ተራሮች ላይ። ከሁሉ በላይ የሚፈጀው ጥይት አይደለም፤ ከሰፋሪዎች ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ቀበሮውን የሚጠብቁ ሰዎች የመንደር ውሾችን ሲከትቡ ይውላሉ። ይህን ከሞሪሸስ ታሪክ ጋር ያገናኘ ተማሪ «በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ጥቀስ» ሲባል ከስሙ አልፎ ብዙ የሚለው ይኖረዋል።

ስለ አበበም ላንሳ፤ ቃል ገብቼ የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ሮም ላይ ማራቶንን በ2፡15፡16 ሲያሸንፍ በባዶ እግሩ የሮጠው የተሰጠው አዲስ ጫማ ስላልተመቸው ነው፤ ያለ ጫማ መሮጥም ለምዶታል። ሩጫው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ያለፈበት አደባባይ ላይ ደግሞ ጣሊያኖች በ1937 የወሰዱት የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ሐውልቱ በ2005 አገሩ ገብቶ በ2008 ተተከለ። ካርታ ዘርግታችሁ የሩጫውን መንገድ በጣታችሁ ብትከተሉ ታገኙታላችሁ።

እንዴት ልጀምር ለምትሉኝ፦ ደብተር ያዙ። በግራው ገጽ መልሱን ጻፉ፣ በቀኙ ገጽ የጨመራችሁትን ጥያቄ። በቴሌግራም የሚዘዋወረውን «ይህን ያውቃሉ?» እንዳለ አትቀበሉ፤ ቢያንስ በሌላ መጽሐፍ አመሳክሩት። «ትልቁ»፣ «ብቸኛው»፣ «የመጀመሪያው» የሚሉ ቃላት ባያችሁ ቁጥር «በምን መለኪያ?» በሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ አብርሆትና ወመዘክር በር ላይ ቆማችሁ አትመለሱ፤ ግቡና የመጻሕፍቱን ባለሙያ አስቸግሩት። እመኑኝ፣ የሚያስቸግር አንባቢ ያስደስተናል።

ለዛሬ አንድ የቤት ሥራ ልተውላችሁ። የዱር እንሰት ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በብዙ አገሮች ይበቅላል። አልምቶ ዋና ምግቡ ያደረገው ግን የእኛ አገር ገበሬ ብቻ ነው። ለምን እዚህ ብቻ? ወልቂጤ፣ ሆሳዕና ወይም ሐዋሳ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ መጀመሪያ ቆጮና ቡላ ሲያዘጋጁ የኖሩ እናቶችን ጠይቁ፤ ተክሉ በድርቅ ጊዜ ምን እንደሚሆን፣ ስንት ዓመት ቆይቶ እንደሚቆረጥ፣ አሚቾው እንዴት እንደሚበላ። ከዚያ የሰማችሁትን ይዛችሁ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ።