የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ አንድ ቶን የድንጋይ ከሰል ስንት መብራት ያበራል?

ጥያቄ፦ ከአንድ ቶን የድንጋይ ከሰል ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይገኛል? የማነባቸው ቁጥሮች በጣም ይራራቃሉ።

መልስ፦ የሚራራቁት ከሰል ሁሉ አንድ ስላልሆነ ነው። ስሌቱን ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። ደህና ቢቱሚነስ ከሰል (ጥቁሩና ጠንካራው ዓይነት) በኪሎ 24 ሜጋጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ 3.6 ሜጋጁል ነው። የኃይል ማመንጫ ጣቢያው ከሙቀቱ 36 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ከቀየረ፣ 24 በ0.36 ተባዝቶ ለ3.6 ሲካፈል 2.4 ይመጣል። ስለዚህ ቶኑ 2,400 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል ማለት ነው። ሊግናይት (ቡናማውና ለስላሳው ከሰል) ግን ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ በኪሎ 10 ሜጋጁል ብቻ ካለው በዚያው ጣቢያ ቶኑ ከ1,000 አያልፍም። ሊግናይት የሚያቃጥሉ ጣቢያዎች ማዕድኑ አጠገብ የሚተከሉት ለዚህ ነው፤ ውሃ ጭኖ ሩቅ መጓዝ አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ከሰል የሞላው አገር መብራት በፈረቃ የሚያድለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ መሬት ውስጥ ያለ ከሰል መብራት አያበራም፤ የሚያበራው ጣቢያው ግቢ የደረሰው ነው። ከላይ ባለው ስሌት 500 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ በሰዓት 208 ቶን፣ በቀን 5,000 ቶን ያህል ይበላል። ባቡሩ ለጥቂት ቀናት ከቀረ ክምሩ ያልቃል። በጥቅምት 2021 (እ.ኤ.አ.) ሕንድ የገጠማት ይኸው ነበር፤ ፍላጎት ጨመረ፣ ከባድ ዝናብ ማዕድን ማውጫዎቹን አስተጓጎለ፣ ከውጭ የሚገባው ከሰል ተወደደ፣ የጣቢያዎቹ ክምችትም በአማካይ ወደ አራት ቀን ወረደ።

ክምችት እያለም ዝናብ ምርትን ይቀንሳል። እርጥብ ከሰል ከጎተራው በሚወርድበት ቦይ ይጣበቃል። ወፍጮው ከሰሉን 70 በመቶው በ75 ማይክሮን (0.075 ሚሊሜትር) ወንፊት እስኪያልፍ ድረስ መፍጨትና በሞቃት አየር ማድረቅ አለበት፤ እርጥበቱ ሲበዛ አየሩ ማድረቅ ያቅተዋል፣ ወፍጮው ይታፈናል፣ ጣቢያውም ኃይሉን ለመቀነስ ይገደዳል። ከዝናቡ በፊት የተወሰነ ደረቅ ከሰል ከጣሪያ ሥር ማስቀመጥና ከእርጥቡ ጋር ማደባለቅ ይረዳል። የሚገባው ከሰል እርጥበት፣ አመድና የሙቀት መጠን በየጭነቱ ይለካ፤ ናሙናውም ከክምሩ አናት ሳይሆን ከሚንቀሳቀሰው የማጓጓዣ ቀበቶ ይወሰድ። አናቱ ላይ ያለው ውስጡን አይወክልም።

ጥያቄ፦ የተከመረው ከሰል ማንም ሳይለኩሰው የሚጨሰው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከሰል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ቀስ እያለ ሲዋሃድ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ራሱን ያፋጥናል። ሊግናይትና ደቃቅ ከሰል ይብሳሉ። ከከፍታ ሲደፋ ትልልቁ ወደ እግሩ ይንከባለላል፣ ደቃቁ መሃል ይቀራል፤ በግርጌው በኩል የሚገባው አየር ደቃቁን ይመግበዋል። መከላከያው ከሰሉን ከግማሽ ሜትር በማይበልጥ ንጣፍ እያነጠፉ በቡልዶዘር መጠቅጠቅ፣ ጎኑን ሸርተት ማድረግ፣ ቀድሞ የገባውንም ቀድሞ ማውጣት ነው። ቴርሞሜትር ወደ ውስጥ እየሰደዱ ይለኩ፤ 60 ዲግሪ ካለፈ ያን ክፍል ቆፍረው ያውጡ፣ አሳስተው ይዘርጉ፣ ሲበርድ ቀድመው ያቃጥሉት። ከላይ ውሃ ማፍሰስ አይበቃም፤ ውሃው ቦይ ፈልጎ ይወርዳል እንጂ የጋለው ልብ ላይ አይደርስም።

አጥብቀን የምናሳስበው ግን ይህን ነው፦ እየሞቀ ያለ ከሰል የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም። አየሩ ሳይለካ ወደ ከሰል ጎተራ ማንም አይግባ።

ጥያቄ፦ ጣቢያውን ማታ አጥፍቶ ጠዋት ማስነሳት አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የቦይለሩ (የእንፋሎት ማፍያው) እና በእንፋሎቱ የሚሽከረከረው ተርባይን ወፍራም ብረት በፍጥነት ሲሞቅ ውጭና ውስጡ እኩል አይለጠጥም፤ ሲደጋገም ይሰነጠቃል። ከቀዘቀዘ ሁኔታ መነሳት ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ በነዳጅ ዘይት ወይም በጋዝ መለኮስም ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙዎቹ ማታ ኃይላቸውን ወደ 40 በመቶ ዝቅ አድርገው ያድራሉ፤ ድንገተኛውን ፍላጎት ግድብና የጋዝ ተርባይን ይሸከሙታል።