ቫይረስ የደም ካንሰር የሚያመጣው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ደም ሊለግስ ሄዶ ኤችቲኤልቪ-1 የሚባል ቫይረስ እንዳለበት ተነገረው። የደም ካንሰር ያመጣል መባሉን ከሰማን ወዲህ ቤተሰቡ ሁሉ ተጨንቋል። ይህ ከኤችአይቪ ጋር አንድ ነው? ካንሰር የሚያመጣውስ እንዴት ነው?
እህቱ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድምዎ ካንሰር ይዞታል ማለት አይደለም። ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች መካከል በዕድሜ ዘመናቸው በዚህ ካንሰር የሚያዙት ከመቶ ከ2 እስከ 5 ያህሉ ናቸው። ከኤችአይቪ ጋር የአንድ ወገን ቫይረሶች ሲሆኑ፣ ሁለቱም በዋናነት የሚይዙት ቲ ሕዋስ የተባለውን ነጭ የደም ሕዋስ ነው፤ ሆኖም ኤችአይቪ ሕዋሱን ሲያጠፋ ይህኛው እንዲራባ ያደርገዋል። የስማቸው መቀራረብ ብዙ ሰው ያለ አግባብ ያስደነግጣል።

ቫይረሱ የራሱን የዘር መረጃ በሕዋሱ ዲኤንኤ ውስጥ ስለሚሰካ፣ ሕዋሱ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር አብሮ ይባዛል። የጣና ዳር ሰው እንቦጭን ያስብ፤ እንቦጭ ዘር ቢኖረውም ውኃውን በፍጥነት የሚሸፍነው ከእናቲቱ ጎን ልጆች እያወጣ ነው። ቫይረሱም በሰውነት ውስጥ የሚቆየው በአመዛኙ አዲስ ሕዋስ በመያዝ ሳይሆን ቀድሞ የያዛቸው እየተከፋፈሉለት ነው።

መራባቱን የሚያስጀምረው ታክስ የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ሲሆን፣ የተጎዳ ዲኤንኤ የሚጠገንበትንም ሥርዐት ያውካል። ይሁን እንጂ የሰውነት መከላከያ ታክስን አሳድዶ ስለሚያጠቃ፣ በካንሰሩ ሕዋሳት ውስጥ ብዙ ጊዜ ታክስ አይገኝም፤ እሳቱን ለኩሶ ከቦታው እንደ መሰወር ነው። ኤችቢዜድ የተባለው ሌላው የቫይረሱ ዘረ መል ግን እስከ መጨረሻው እየሠራ መራባቱን ያስቀጥላል። በዚህ መካከል የዲኤንኤ ስሕተቶች እየተጠራቀሙ ሄደው አንዱ የሕዋስ ዘር ከቁጥጥር ይወጣል። ይህ አሥርት ዓመታት ስለሚፈጅ፣ የሚታመሙት በአብዛኛው በሕፃንነታቸው ከእናት ጡት ወተት የተያዙና ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው። በሽታውን የጃፓን ሐኪሞች በ1977 እ.ኤ.አ. ለይተው ገለጹት፤ ቫይረሱም በ1980 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ መገኘቱ ታወቀ።

ቫይረሱ ከጡት ወተት በተጨማሪ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በደም ይተላለፋል፤ አብሮ በመብላት ወይም በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ወንድምዎ ደም መለገሱን ይተው፤ የሚያብጥ ንፍፊት፣ የማይለቅ የቆዳ ሽፍታ ወይም ያልተለመደ የውኃ ጥም ካየ ለሐኪሙ ይንገር። ባለትዳር ከሆነ ባለቤቱም ትመርመር፤ በተለይ ካረገዘች፣ ጡት ስለማጥባት ከሐኪም ጋር የምትመካከረው ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ቢሆን ይሻላል።