ሸራው ሳይወጠር ስለ ኮምፓሱ እናውራ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው፣ ሥራዬ ብየዳ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ባለ ሁለት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን እየሠራን ነው። ገላዋ ተበይዶ የተሠራ የብረት ቱቦ ነው፣ ክንፏ እንጨት ነው፣ ሁለቱም ላይ ሸራ ይወጠራል። አሁን ሸራው ጋ ደርሰናል። ሬድዮ፣ ጂፒኤስ፣ ትራንስፖንደር (ለራዳር መልስ የሚሰጠው ሬድዮ) እና ከነማግኔቶሜትሩ፣ ማለትም ከነኮምፓስ ሴንሰሩ፣ ዲጂታል ስክሪን አለን። አንዱ ጓደኛዬ አንቴናውንም ሴንሰሩንም ከመቀመጫው ኋላ አንድ ላይ እንደርድራቸው፣ ኬብልም ይቆጥብልናል ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ በጥሩ ሰዓት ነው የጻፍክልኝ። ሸራው ከተወጠረና ቀለም ከተቀባ በኋላ ቢሆን ኖሮ መልሴ ያሳዝንህ ነበር። የጓደኛህን ሐሳብ ግን ተዉት። ኬብል መቆጠቡ ልክ ነው፣ ግን ከዚያ በኋላ አቅጣጫውን የሚያምን አይኖርም።

ከሴንሰሩ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነውና። ማግኔቶሜትር የምድርን ማግኔት ነው የሚለካው። የምድር ማግኔት ደግሞ በጣም ደካማ ነገር ነው፣ በእኛ አካባቢ 36 ማይክሮቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ቢሆን ነው። አጠገቡ ያለ ብረትና አጠገቡ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሸንፈዋል። አንተ በያጅ ስለሆንክ ይሄን ታውቀዋለህ፤ የተበየደ ቱቦ ብዙ ጊዜ ራሱ ማግኔት ይሆናል፣ ብናኝ ብረት ሲስብ አይተህ ይሆናል። ስለዚህ ገላው ውስጥ ቦታ አትፈልግለት። ከመቀመጫው ኋላም፣ ዳሽቦርዱ ሥርም፣ ጭራው ላይ ባለው ቱቦ መካከልም አይሆንም።

ቦታው ክንፉ ውስጥ ነው። የእንጨት ክንፍ ስላላችሁ እድለኞች ናችሁ። ከሥሩ ተነስተህ ወደ ጫፉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ሂድ። እዚያ ግን የኤሌሮኑ፣ ማለትም ክንፉ ጫፍ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ መሪ፣ ዘንግና ክራንክ ብረት መሆኑን አትርሳ፤ የመንጃው ዱላ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እሱም ይንቀሳቀሳል፣ የሚንቀሳቀስ ብረት ደግሞ በካሊብሬሽን (ሴንሰሩን በማረም) አይስተካከልም፣ ምክንያቱም ካሊብሬሽን የሚያርመው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆመውን ብረት ብቻ ነው። ከዘንጉ የቻልከውን ያህል አርቀው። ከጫፉ መብራትም እንደዚሁ።

አሁን ሽቦው። የብረት ገላ ሲኖር እንደ መኪና ቦዲውን ኔጌቲቭ ማድረግ ያጓጓል። የክንፍ መብራት ላይ ይሄን እንዳታደርግ። ለምን እንደሆነ በቁጥር ልንገርህ። አንድ ሽቦ 10 አምፔር ይዞ ከሴንሰሩ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢያልፍ 4 ማይክሮቴስላ ይፈጥራል። በከፋው አቅጣጫ ከመጣ አቅጣጫህን 6 ዲግሪ ያህል ያዛባዋል። ርቀቱ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ካነሰ እጥፍ ይሆናል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ጎን ለጎን አምጣና እንደ ገመድ አጠማዝዛቸው። የሚሄደውና የሚመለሰው ኤሌክትሪክ የሚፈጥሩት ማግኔት እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በእውነት ከዚህ ሁሉ ምክሬ አንዱን ብቻ የምትሰማ ከሆነ ይሄን ስማ።

የምታስርበት ቪቴም የናስ፣ የአልሙኒየም ወይም የፕላስቲክ ይሁን። እስቴንለስ ነው ብለው የሚሸጡትን በማግኔት ሞክረው፣ አንዳንዱ ይሳባል። ካቻቢቴህም ጫፉ ማግኔት ያለው እንዳይሆን። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ስህተት ፈልጌ ያጣሁት በአንዲት ቪቴ ምክንያት ነው።

ሴንሰሩ ላይ ያለው ቀስት ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ጋር እኩል ይመልከት። ክንፉ ወደ ላይ ቀና ያለ ስለሆነ ሴንሰሩን ሪቡ (የክንፉ የጎን አጥንት) ላይ ዝም ብለህ ብታስረው አብሮ ይጋደላል፣ ከሥሩ ሽብልቅ አድርግለት። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር አገራችንን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። በእኛ አካባቢ የምድር ማግኔት ከአድማሱ ጋር ሊጋደም ጥቂት ነው የሚቀረው፣ እንደ አውሮፓ ወደ መሬት አይጠልቅም። ስለዚህ የሴንሰሩ ትንሽ መጋደል እንደ እነሱ አይጎዳንም። ቢሆንም አምራቹ ያለውን ልክ ጠብቅ።

ከመቅበርህ በፊት ፈትነው። ሴንሰሩን በፕላስተር ለጊዜው ለጥፈው፣ ስክሪኑን ክፈት፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያበራህ ቁጥሩን ተመልከት፦ የክንፍ መብራት፣ የማረፊያ መብራት፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ሬድዮውን ስትናገርበት፣ ዱላውን ከዳር እስከ ዳር ስታንቀሳቅስ። ከ2 ዲግሪ በላይ ከዘለለ ቦታ ቀይር። ይሄን ወርክሾፕ ውስጥ ሳይሆን ሜዳ ላይ አድርገው። ኮምቦልቻ የብረት ከተማ ናት፣ ቆርቆሮው፣ ቱቦላሬው፣ ወለሉ ውስጥ ያለው ፌሮ ሁሉ ይረብሽሃል። ሸራውን ስትወጥርም መፈተሻ ቀዳዳ ተውለት፣ አንድ ቀን መነካቱ አይቀርም።

ወደ አንቴናዎቹ ስንመጣ ነገሩ ይቀላል። የመነጋገሪያ ሬድዮው ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው፣ አንቴናው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ከሥሩ ብረት ይፈልጋል። ሙሉ የአልሙኒየም አውሮፕላን ላይ ቆዳው ራሱ ይበቃል፣ ሸራ ላይ ግን ምንም የለም። ስለዚህ ከአንቴናው ሥር ትንሽ ላሜራ አድርግና ከእሱ ተነስቶ በአራት አቅጣጫ የሚሄድ የመዳብ ወይም የአልሙኒየም ጥብጣብ ዘርጋ፣ እያንዳንዱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል። ወደ ጎን ቦታ ካጣህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አዙረው። ከማረፊያው እግር አርቀው። እኔ ብሆን ሆዷ ላይ ነበር የማደርገው፣ አየር ላይ ሆነህ የምታናግረው ከታች ያለውን ነውና። ይሄ ሞገድ በቀጥታ ነው የሚሄደው፣ ተራራ አያልፍም። ሐረጎ ኋላ ሆነህ የኮምቦልቻ ታወር ባይሰማህ አንቴናውን አትውቀሰው።

ጂፒኤሱ ሰማይ ይይ፣ ሌላ ነገር አይፈልግም። ከመነጋገሪያው አንቴና አንድ ሜትር አርቀው። ሬድዮህ በ121.15 ወይም በ131.3 አካባቢ ሲያስተላልፍ የመጀመሪያው በ13፣ ሁለተኛው በ12 ተባዝቶ የሚወጣው ትርፍ ሞገድ ጂፒኤሱ የሚሰማበት 1575.42 ሜጋኸርዝ አጠገብ ያርፋል። ተናግረህ ሳተላይቶቹ ከጠፉ ምክንያቱ ይሄ ነው። ለሙከራ የምታስተላልፈው ግን ታወሩን አስፈቅደህ ብቻ ይሁን፣ 121.5 የአደጋ ጊዜ መስመር ስለሆነ ደግሞ በፍጹም አትንካው።

የትራንስፖንደሩ አንቴና ጣት የምታህል ናት። ሆድ ላይ፣ ከሥሯ 15 ሳንቲ ሜትር በ15 ላሜራ፣ ከተሳፋሪም ከሌላው አንቴናም ራቅ አድርጋት። አንቴና ሳታስር አትክፈተው፣ ይቃጠላል። ኬብሉ ባለ 50 ኦም ድርብ ሽፋን ይሁን፣ ርካሹ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ብዙውን ጉልበት መንገድ ላይ ሊበላው ይችላል። የመነጋገሪያውን አንቴና በኤስደብሊውአር ሜትር (ከአንቴናው ወደ ሬድዮው የሚመለሰውን ጉልበት በሚያሳይ መለኪያ) ለካው፣ ከ2 በታች ይውጣልህ። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንንም አሁኑኑ አናግሩ፣ እነሱም ከሸራው በፊት ማየት የሚፈልጉት ነገር ይኖራል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከደሴ። ጦሳ ላይ ወጥተን የስልኬ ኮምፓስ ጥቁሩ ድንጋይ አጠገብ ሲሆን ሌላ አቅጣጫ ያሳየኛል፣ ፈቀቅ ስል ይስተካከላል። ስልኬ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አይ የኔ ልጅ፣ ስልክሽ ደህና ነው። ያ ድንጋይ ባዛልት ነው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ። ውስጡ ማግኔት የሚሆን የብረት ማዕድን አለ፣ መብረቅ የመታው ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ይበረታል። መጀመሪያ የስልክሽ ሽፋን ማግኔት እንደሌለው እዪ። ከዚያ ወረቀት ያዢና ከድንጋዩ አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ አምስት ርቀሽ የሚያሳይሽን ቁጥር ጻፊ። ስንት እርምጃ ላይ እንደተስተካከለ ላኪልኝ።