የሳተላይት ካርታ ለትንሽ ተፋሰስ ያገለግላልን?

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ። የቀበና ወንዝ በክረምት ከእንጦጦ አፈር ተሸክሞ ሲወርድ በየዓመቱ አያለሁ። የትኛው ተዳፋት ይበልጥ እንደሚሸረሸር ከሳተላይት መለየት ይቻላልን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይቻላል። ሥራው የሚጀምረው ከመሬቱ ከፍታ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተሰበሰበው የከፍታ መረጃ መሬትን ወደ 30 ሜትር ገደማ ጎን ባላቸው ካሬዎች ከፍሎ ስለሚያሳይ፣ ኮምፒውተሩ ውሃ ከእያንዳንዱ ካሬ ወደ የትኛው ጎረቤት ካሬ እንደሚወርድ እያሰላ የተፋሰሱን ወሰን፣ የጅረቶቹን መረብና የተዳፋቱን ቁልቁለት ያወጣል። በዚህ ላይ ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በ10 ሜትር ጥራት የሚያነሱት ምስል ሲደረብ፣ ቁልቁለትና እርቃን መሬት የተገናኙበት ቦታ፣ ማለትም እርከን ቅድሚያ የሚያስፈልገው ስፍራ፣ ጎልቶ ይታያል።

የክረምቱን ምስል ደመና ስለሚሸፍነው፣ ዝናቡ ከመበርታቱ በፊት በግንቦት የተነሳውን መምረጥ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ አፈሩ የመጀመሪያውን ከባድ ዝናብ የሚቀበለው በዚያ ሁኔታው ነውና። ሆኖም አንዱ የከፍታ ካሬ 900 ካሬ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቦረቦር በውስጡ ይሰወራል፤ ስለዚህ እርከን ከመቀየሱ በፊት ካርታውን ይዞ ተዳፋቱን በእግር መውጣት የግድ ነው።