ወለምታ ከስብራት ሲዘገይ፦ ለድሬ ልጆች

ልጆቼ፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ሰፈር ውስጥ የምጠየቀው ያው የድሮው ጥያቄ ነው፦ «መቼ ነው የሚሻለኝ?» ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲጫወት እግሩ የዞረበትም፣ ታይዋን ገበያ ጆንያ ሲያወርድ ትከሻው የወለቀበትም፣ ባጃጅ የተገለበጠበትም እኩል ይጠይቃል፤ እኩል መልስም ይጠብቃል። «አቦ፣ በሳምንት አስነሳኝ!» የሚለኝም አይጠፋም። በፊዚዮቴራፒ ሥራ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሳምንት የሚነሳውንም በዓመት የማይነሳውንም እያየሁ ነው። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚወስነው የመድኃኒቱ ውድነት ሳይሆን የተጎዳው ቦታ ምን ያህል ደም እንደሚደርሰው ነው።

ትምህርት ቤት አራት ዓይነት ኅብረ ሕዋስ ተምራችኋል፦ ሸፋኝ፣ አያያዥ፣ ጡንቻና ነርቭ። ለፈተና ሸምድዳችሁ ሳትረሱት አትቀሩም። አጥንትም ጅማትም ልም አጥንትም አያያዥ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ሲጎዱ ግን ለየቅል ናቸው። አጥንት ደረቅ ይመስላል እንጂ ውስጡ በደም ሥር የተሞላ ሕያው አካል ነው። የክንድ ስብራት በደንብ ከተያዘ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይገጥማል፤ የቅልጥም ስብራት 3 ወርና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከገጠመ በኋላ ግን ተመልሶ አጥንት ነው። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት ደም የሚደርሰው በጥቂቱ ነው፤ ሲበጠስ የሚጠገነውም በጠባሳ ነው፤ ያ ጠባሳ እስኪጠነክር ወራት ያልፋሉ፤ አንዳንዴ ዓመት ይሞላል። ስለዚህ ክፉ ወለምታ የያዘው ልጅ «ምነው ተሰብሬ ቢሆን ኖሮ!» ሲል አልስቅበትም።

ቁርጭምጭሚት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእናንተ ዋና ችግር እሱ ነውና። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በውጭ በኩል ካለው እብጥ አጥንት ፊት ያለው ጅማት ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደው። ወዲያው ያብጣል፤ በማግስቱ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ሰፈርተኛው ሁሉ ሐኪም ነው፦ «በቅቤ እሹት፣ በሙቅ ውኃ ንከሩት፣ ጎትቱት!» በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ማሸትና ማሞቅ ደሙን ይጨምረዋል እንጂ አያቆመውም። እግሩን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ መያዝ፣ ላላ አድርጎ መጠቅለል ይበቃል። ከዚያ ግን ተኝቶ መክረም የለም፤ ሕመሙ በፈቀደ መጠን ማንቀሳቀስ ነው። ወዲያው እንደተጎዳም ኋላም 4 እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ግራና ቀኝ ያሉት እብጥ አጥንቶች ራሳቸው ሲነኩ ካመሙት ራጅ ይነሳ። ካናዳ ኦታዋ ላይ የተዘጋጀው የሐኪሞች መመሪያ ይህን ይላል፤ እኛም ስንሠራበት ኖረናል።

ወጌሻ ጋ አትሂዱ ብላችሁ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ፤ ደግሞም እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አይቻለሁ። የምፈራው ማሰሪያውን ነው። ስብራት ባበጠ ቁጥር ቦታ ይፈልጋል፤ በቀርከሃ ስንጥር ጥፍንግ ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ የሚሄድበት ያጣና ወደ ውስጥ ደም ሥሩን ይጫናል። ጡንቻ ደም ካጣ ወደ 6 ሰዓት ሲጠጋ መሞት ይጀምራል። አጥንቱ ገጥሞ እጁ የተቆረጠ ልጅ ያየ ሰው ይህን አይረሳም። ማንም ይሠር ማን፣ የጣቶቹ ጫፍ ይታዩ። ጥፍሩን ተጫኑና ልቀቁት፤ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፣ ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከባሰ፣ «ነገ እናየዋለን» አይባልም፤ ማሰሪያው በዚያችው ሌሊት ይፈታና ሆስፒታል ይኬድ።

የትከሻን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። እንደ ልብ የሚዞረው ጉድጓዱ ጥልቀት ስለሌለው ነው፤ በቀላሉ የሚወልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በወጣትነት አንዴ ከወለቀ ደግሞ የመውለቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ከተመለሰ በኋላ ያለው የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ከመመለሱ እኩል ዋጋ አለው፤ እናንተ ግን ሕመሙ ሲቀር ትጠፋላችሁ።

አሁን ልም አጥንት። በጉልበትና በሌሎች መገጣጠሚያዎች ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ነጭና ልስልስ ነገር ነው። ደም ሥር የለውም፤ ነርቭም የለውም። ታዲያ ምግቡን ከየት ያገኛል? በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ስትራመዱ ይጨመቃል፣ ስታነሱት ይመጠምጣል፣ ልክ እንደ ስፖንጅ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ጉልበት በደንብ አይመገብም ማለት ነው። ነርቭ ስለሌለው ደግሞ ሲሰነጠቅ ዝም ይላል፤ ሕመሙ የሚመጣው ጉዳቱ ከሥሩ ያለው አጥንት ወይም ዙሪያው ያለው ሽፋን ሲደርስ ነው። ጉልበት ውስጥ ሜኒስከስ የሚባሉት ሁለት ጨረቃ መሰል ንጣፎችም ደም የሚያገኙት በውጭ ጠርዛቸው ብቻ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሲቀደድ ሐኪሙ ሊሰፋው ይችላል፣ ወደ ውስጥ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ቆርጦ ማውጣት ይመርጣል። (ጣት ቋ ማድረግ አንጓ ያበላሻል ትሉኛላችሁ። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድ አንገር ለ50 ዓመት የአንድ እጁን ጣቶች ብቻ ቋ እያደረገ ኖሮ በሁለቱ እጆቹ መካከል የመገጣጠሚያ በሽታ ልዩነት እንዳላገኘ በ1998 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ጆሮ ማሰልቸቱ ግን የተረጋገጠ ነው።)

ከሁሉ ቀርፋፋው ነርቭ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ተገናኝቶ ቢሰፋ እንኳ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ክርን ላይ ከተጎዳ እስከ ትንሿ ጣት ድረስ አስሉት፤ ዓመት አልፎ ነው። ይህን ያነሳሁት የጫት በርጫ ስለማታጡ ነው። በግራ ክርናችሁ መከዳ ተደግፋችሁ ከምሳ እስከ መግሪብ ትቆያላችሁ፤ በክርን ውስጠኛው በኩል፣ ከቆዳው ሥር ብቻ፣ አንድ ነርቭ ያልፋል፤ ክርናችሁ ሲጋጭ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝራችሁ እሱ ነው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ መደንዘዝ ከጀመሩ ጥፋቱ የጫቱ ሳይሆን የአቀማመጡ ነው። ክንዳችሁን ዘርጉ፣ ጎን ቀይሩ። ሳይቆረጥ የተጨነቀ ነርቭ ጫናው ቶሎ ከተነሳለት ቶሎ ይመለሳል። እጃችሁ መሳሳትና መጨበጥ ማቃት ከጀመረ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ።

ቆዳ ፈጣን ነው፤ የላይኛው ሽፋኑ በ4 ሳምንት ገደማ ራሱን ያድሳል። ቢሆንም መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ፈጣኑም ይዘገያል። የፊት ስፌት በ5 ቀን ገደማ ሲወጣ የጉልበት ስፌት እስከ 14 ቀን የሚቆየው በታጠፈ ቁጥር ስለሚወጠር ነው። ከዚህ ሁሉ ሆዴን የሚበላው ቃጠሎ ነው። በረመዳን ማታ ሳምቡሳና ባጂያ ሲጠበስ ዘይት የሚደፋው ብዙ ጊዜ ሕፃን ላይ ነው። መጀመሪያ የሚደረገው 20 ደቂቃ ሙሉ የሚፈስ ንጹሕ ውኃ ነው፤ በረዶ አይደለም፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላልም አይደለም። የሚቀቡት ሙቀቱን ያፍናሉ፣ ቁስሉንም ያቆሽሻሉ።

በኋላ የሚመጣውን ግን ብዙ ሰው አይጠብቀውም። ክርኑ እጥፋት ላይ የተቃጠለ ልጅ ክንዱን አጥፎ ደረቱ ላይ ይይዛል፤ እንዲያ ሲሆን ስለሚቀለው። እናት ታዝናለች፣ «ተውት፣ ያርፍ» ትላለች። ጠባሳ ደግሞ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል፤ ክንዱም እንደታጠፈ ይቀራል። አጥንቱ ደህና፣ መገጣጠሚያው ደህና፣ ቆዳው ግን አላንቀሳቅስ ይላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲፈቅድ ክርን ተዘርግቶ፣ ብብት ተከፍቶ፣ አንገት ቀና ብሎ ነው የሚተኛው። ሲዘረጋ ያለቅሳል፤ ይዘርጋ። ጠባሳ እስኪረጋጋ ከ1 እስከ 2 ዓመት ስለሚወስድ ቁስሉ ደርቋል ተብሎ እንቅስቃሴው አይቋረጥም።

በጥልቀት የተቃጠለ ቆዳ የላብ ዕጢዎቹን ያጣል፤ ከሌላ ቦታ የተለጠፈው ቆዳም እንደ ቀድሞው አያልብም። በግንቦት የድሬ ፀሐይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው የተረፈው ቆዳ ብቻ ነውና። ሰፊ ቃጠሎ ያለፈበት ጓደኛ ካላችሁ የቀትር ጆንያ አታሸክሙት። ጠዋት ይሥራ፣ ውኃ ሳይጠማው ይጠጣ፣ ጠባሳውንም ከፀሐይ ይሸፍን። አላልብ አለኝ እያለ ራሱን ካዞረው ጥላ ሥር አስገብታችሁ ልብሱን በውኃ አርሱለት፣ አራግቡለት፤ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ካስመለሰው ባጃጁን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ንዱ።